አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት፦ ታሪኩ፣ ክፍሎቹ፣ ለተግባር ፈተናውስ እንዴት ልዘጋጅ?

ቀለም ፈላጊ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ጨርሻለሁ፣ አምስት ኪሎ ያለው አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት መግባት እፈልጋለሁ። ሦስት ነገር ባስቸግራችሁ። አንደኛ፣ የትምህርት ቤቱን ታሪክ በአጭሩ የሚነግረኝ ባገኝ፤ የሰማሁት ሁሉ የተቆራረጠ ነው። ሁለተኛ፣ የሥዕል፣ የቅርጻ ቅርጽና የኅትመት ክፍሎች ተማሪ በየቀኑ በእጁ የሚሠራው ምንድን ነው? ሁሉም ሰው «ሥዕል ግቢ» ይለኛል፣ ምክንያቱን ግን የሚያስረዳኝ የለም። ሦስተኛ፣ ለተግባር ፈተናው ቤት ውስጥ ብቻዬን ስለማመድ በምን ልጀምር? እርሳስና ወረቀት አለኝ፣ ሌላ መሣሪያ የለኝም።

የድሮ ካታሎግ

እኅቴ፣ ታሪኩን ልውሰደው፤ ክፍሎቹን ባለሙያዎቹ ይመልሱልሻል።

ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ናቸው፤ ዛሬ የሚጠራውም በስማቸው ነው። የሰላሌ ፍቼ ተወላጅ ናቸው። ያደጉት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በሚሠራበት ቤተሰብ ውስጥ ሲሆን በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው በቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት ተማሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ተመረቁ። ይህን ልብ በዪው፤ መሥራቹ የሀገር ቤቱን የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም የምዕራቡን የአካዳሚ ሥልጠናም የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ከዚያ በፊት ሥዕል መማር የፈለገ ሰው ሁለት መንገድ ብቻ ነበረው፦ ወይ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እግር ሥር ተቀምጦ ቀለም እየበጠበጠ መልመድ፣ ወይ እንደ አገኘሁ እንግዳና እንደ አፈወርቅ ተክሌ ውጭ ሀገር የመላክ ዕድል ማግኘት።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለየቅል የሆኑ መምህራን ተሰባሰቡ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመኗ ኮሎኝ ተምሮ መጣና አብስትራክት ሥዕልን (የነገሮችን መልክ እንዳለ የማይገለብጥ አሣሣል) ወደ ክፍል አስገባ። ትውልደ ጀርመኑ የብራዚል የእንጨት ኅትመት ሠዓሊ ሐንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 ቆይቶ የኅትመቱን ትምህርት በእግሩ አቆመው። እስክንድር ቦጎሲያን ለንደንና ፓሪስ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1966 ተመለሰ፤ ጥቂት ዓመት አስተምሮ ወደ አሜሪካ ቢሄድም የጥንቱን የብራና ጥቅልል፣ የአፍሪካን ምልክትና የፓሪሱን ሱሪያሊዝም (ሕልም መሰል አሣሣል) አጣምሮ መሥራት እንደሚቻል ለተማሪዎቹ አሳይቷል። የዚያን ዘመን ተመራቂዎች ሥራ ጎን ለጎን አድርገሽ ብታዪ አንዱ ሌላውን አይመስልም። ለእኔ የትምህርት ቤቱ ትልቁ ሀብት ይህ ነው፤ አንድ «የአዲስ አበባ አሣሣል» ብሎ የጫነው ነገር የለም።

ከአብዮቱ በኋላ ፖስተርና የሶሻሊስት ሪያሊዝም ሥዕል (ሠራተኛውንና አብዮቱን የሚያወድስ፣ መልክን እንዳለ የሚሥል) ገነነ፣ ብዙ ተመራቂዎችም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላኩ። ገብረ ክርስቶስ ሀገር ለቆ ወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ይህን ዘመን ጨርሶ የባከነ ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። የመፍጠር ነፃነትን መጉዳቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከሶቪየት ኅብረት ተምረው የተመለሱ እንደ ታደሰ መስፍን ያሉ መምህራን የሰውን አካል አጥንትና ጡንቻ ከሥር መሠረቱ የሚያስጠና ጥብቅ የድሮዊንግ ሥልጠና ይዘው መጥተዋል። ዛሬ ከዚህ ትምህርት ቤት የሚወጣ ሰው በእርሳስ ሰው መሣል የሚያውቀው በዚያ ምክንያት ጭምር ነው።

ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጠቃለለው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው። ቀድሞ በዲፕሎማ ያስመርቅ የነበረው በዲግሪ፣ ቀጥሎም በማስተርስ ማስመረቅ ጀመረ። ኋላ ላይ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና ከቴአትር ጥበባት ጋር በእስክንድር ቦጎሲያን ስም በተሰየመ ኮሌጅ ሥር ሆኗል። ጊዜ ካለሽ የዩኒቨርሲቲውን የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሳታዪ ፈተና አትቀመጪ። ጀርመን ሀገር የነበሩ ሥዕሎቹ ተመልሰው የተቀመጡት እዚያ ነው። ከሥዕሎቹ አጠገብ ቁሚና ቀለሙ የት ወፍሮ የት እንደሳሳ ተመልከቺ፤ ፎቶ ይህን አያሳይሽም።

መሮና ሮለር

የኅትመቱን እኔ ልመልስ። «ሥዕል ግቢ» የሚሉሽ ሰዎች የኅትመት ክፍሉን በር ከፍተው ያዩ አይመስለኝም።

በሀገራችን የእንጨት ኅትመት የተጀመረው ከላይ በተጠቀሰው በሐንሰን ባሂያ ነው ማለት ይቻላል። ከእሱ የተማሩት እንደ ዘሪሁን የትምጌታ ያሉ ሠዓሊዎች እንጨትን የራሳቸው ቋንቋ አደረጉት። ክፍሉ ደግሞ በአንድ መንገድ ብቻ አያስኬድም። ዛሬ ከተጣለ የኮምፒዩተር ሽቦና ሰሌዳ ግድግዳ የሚያክል ሥራ እየሠራ ዓለም ያወቀው ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1990 የተመረቀው በግራፊክ ነው።

አሁን በእጅሽ የምትሠሪውን ልንገርሽ። ከእንጨቱ ልጀምር፤ እዚህ በመሮ ያነሣሽው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ያልተነካው ቀለም ይይዛል።

ሰሌዳው ለስላሳ ጣውላ ወይም ኮምፔንሳቶ ነው። ኮምፔንሳቶ ርካሽ ነው፣ ግን የላይኛው ንጣፉ ስስ ስለሆነ መሮው ከእንጨቱ ጭረት በተቃራኒ ሲሄድ ይሰነጠቃል፣ ያላሰብሽው ቦታ ይነሣል። መድኃኒቱ መጀመሪያ በስለት መስመሩን ጠርዙ ላይ መቁረጥ፣ ከዚያ በመሮ ማንሣት ነው። ሥዕሉ ሲታተም ይገለበጣል፤ ቀኝ ግራ ይሆናል። ስለዚህ ንድፉን በስስ ወረቀት ሠርተሽ፣ ገልብጠሽ፣ በካርቦን ወረቀት ሰሌዳው ላይ ታሳርፊዋለሽ። ፊደል ካለበት የግድ በመስታወት አይተሽ አረጋግጪ። «ሀ» እና «ለ» ተገልብጠው የወጡበት ኅትመት በየዓመቱ አይጠፋም።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በስለቱ አያያዝ ነው። ስለቱ ከመስመሩ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት፤ የቀረው መስመር ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ ሆኖ እንዲቆም። ወደ ውስጥ ካዘነበለ መስመሩ ሥሩ ይሳሳል፣ ያኔ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ቅጂ ላይ ተሰብሮ ሮለሩ ላይ ተጣብቆ ታገኚዋለሽ። የሚያዘው እጅ ሁልጊዜ ከስለቱ ኋላ ይሁን። ከመሮው ፊት ለፊት ያለ እጅ ይቆረጣል፤ ጥያቄው መቼ ነው እንጂ።

ቀለሙን መስታወት ላይ በሮለር ታሳሺዋለሽ። ልኩን ጆሮ ይለየዋል፦ ስስ ሆኖ በእኩል ሲዘረጋ ሮለሩ ቀጭን የሹክሹክታ ድምፅ ያሰማል። የመጣበቅና የመላቀቅ ድምፅ ከሰማሽና ቀለሙ ላይ ጥቃቅን ሹል ነገሮች ከቆሙ በዝቷል፣ ቀጫጭኖቹን ቅርጾች ይደፍናቸዋል። በዝቶ ከተቀባ ሰሌዳውን ወዲያው በጋዝ አትጠቢ። ቆሻሻ ጋዜጣ ሁለት ሦስት ጊዜ እየጫንሽ ቀለሙን አስነሺ፣ ከዚያ እንደገና በስሱ ቀቢ። ወረቀቱን አሳርፈሽ በማንኪያ ጀርባ ከመሐል ወደ ዳር በትንንሽ ክብ ታሺዋለሽ። አንዱን ማዕዘን አንሥተሽ ትፈትሺያለሽ፣ ሌላውን ግን በእጅሽ ተጭነሽ ያዢ። ሁለቱም ከተነሡ ወደ ቦታቸው አይመለሱም፣ መስመሩ ሁሉ ድርብ ይሆናል።

ከዚያ የብረት ሰሌዳ ኅትመት ይመጣል፦ መዳብ ወይም ዚንክ፤ መስመሩን በአሲድ አስቦርቡረሽ፣ ቀለሙን ጎድጓዳው ውስጥ ሞልተሽ ታትሚያለሽ። የሰሌዳውን ጠርዝ በሞረድ በ45 ዲግሪ ገደማ ካላሞረድሽው ፕሬሱ (ማተሚያ መኪናው) ውስጥ ወረቀቱንም በላዩ የሚነጠፈውን ውድ የሱፍ ጨርቅም ይቆርጠዋል። አሲድ ሲቀጠን ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል። ውኃ አሲድ ላይ ከተጨመረ በአንድ ጊዜ ይፈላና ፊት ላይ ይፈነጠራል። ዚንክ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ መስመሮቹ ላይ አረፋ ይቆማል፣ አረፋውን በላባ ጠረግ ጠረግ ማድረግ ያስፈልጋል። አረፋው ያረፈበት ቦታ አሲዱ አይደርሰውምና መስመሩ የተቆራረጠ ይሆናል። ለዚህ ኅትመት ወረቀቱ ቀድሞ ይነከራል፤ ከማተምሽ በፊት በሁለት ደረቅ ወረቀት መሐል ጨምቀሽ ላዩ ላይ የሚያበራ ውኃ እስኪጠፋ ታደርቂዋለሽ። ውኃ ካበራበት ቀለሙን ይገፋዋል፣ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል።

ቅጂዎቹ በእርሳስ ይቆጠራሉ፦ 3/20 ማለት ከሃያው ሦስተኛው ነው፣ ከሥዕሉ ግርጌ በግራ ይጻፋል፣ ፊርማው በቀኝ። ሃያ ብለሽ ካወጅሽ ሃያ አንደኛ አይታተምም።

ቀለም ፈላጊ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ኅትመት ይህን ያህል ሥራ እንዳለው አላወቅሁም ነበር። ያስፈራኝ ግን የተግባር ፈተናው ነው። ቤት ውስጥ ዕቃ አስቀምጬ ስሥል ዕቃው ሁሉ ወደ ታች ይረዝምብኛል፣ ወረቀቱም ይሞላብኛል። ለምን?

ሁለት ቢ

ይረዝምብሻል ምክንያቱም ወረቀቱ ጭንሽ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። አጎንብሰሽ በሰያፍ ስታዪው የሣልሽው ያጠረ ይመስልሻል፣ ሳታውቂ ታስረዝሚዋለሽ። ከዚያ ቀና ስታደርጊው ዝንጀሮ እጅ ያህል ተዘርግቶ ታገኚዋለሽ። ወረቀቱን ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ለጥፊና ፊትሽ ትይዩ አቁሚው፤ ኢዝል (የሥዕል ማቆሚያ) ከሌለሽ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አድርጊና የአንዱ መደገፊያ ላይ አስደግፊው። ከወረቀቱ በክንድሽ ልክ ራቂ። ከዕቃው ደግሞ የዕቃውን ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል ራቂ፣ ከዚያ ከቀረብሽ ዓይንሽ ከላይ ወደ ታች ስለሚመላለስ አንድ እይታ አይኖርሽም።

ወረቀቱ የሚሞላብሽ ከዝርዝር ስለምትጀምሪ ነው። የጀበናውን ጆሮ አሳምረሽ ሠርተሽ ጨርሰሽ ወደ ታች ስትወርጂ መቀመጫው ቦታ አጣ፣ አይደለም? ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን።

መጀመሪያ የዕቃዎቹን ጥቅል ከላይ፣ ከታች፣ ከቀኝ፣ ከግራ የት እንደሚያልቅ በአራት ትንንሽ ጭረት ምልክት አድርጊ፤ ዙሪያውን ሦስት አራት ጣት ባዶ ይቅር። ቀጥሎ ስፋቱ ከቁመቱ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ለኪ። አለካክ፦ ክንድሽ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ፣ ክርንሽ ያልታጠፈ፣ አንድ ዓይንሽ የተጨፈነ። የእርሳሱን ጫፍ ከዕቃው አናት አግጥመሽ አውራ ጣትሽን ግርጌው ላይ አሳርፊ፣ ያንን ልክ አጋድመሽ ስፋቱ ላይ አስተያዪው። ክርንሽ አንዴ እንኳ ከታጠፈ ልኩ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው ያጥፈዋል።

ከዚያ በቀላል መስመር፣ በሁለት ቢ (2B፣ ለስላሳ) እርሳስ፣ ሳትጫኚ ትልልቁን ቅርጽ ቀጥ ቀጥ ባሉ መስመሮች ጣይ። ክብ ነገርንም ቢሆን በቀጥታ መስመር ጀምሪ፣ ማዕዘኑን ማየት ኩርባን ከመገመት ይቀላል። እርሳሱን ቀጥ አድርገሽ እንደ ቱንቢ ያዢና የትኛው ነጥብ ከየትኛው በታች እንደሚውል አረጋግጪ። የጀበናው አፍ ከሲኒው በስተቀኝ ነው በስተግራ? ስህተት የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ጥላ ከጀመርሽ በኋላ ልኩን ማስተካከል ሥራውን ያቆሽሻል።

ጥላው ላይ ዓይንሽን ጠበብ አድርገሽ ተመልከቺ፤ ዝርዝሩ ጠፍቶ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይቀራሉ። በሦስት ደረጃ ከፋፍዪ፦ ብርሃን፣ መካከለኛ፣ ጨለማ። ጨለማውን በሙሉ በአንድ ጊዜ፣ በእኩል ድምቀት ሙዪው፣ ከዚያ ብቻ በውስጡ ወዳሉት ልዩነቶች ግቢ። በጣት ማሸት ተዪ። ፈታኝ በጣት የታሸ ጥላ ሲያይ ቅርጹ የት እንደሚዞር አለመታወቁ ይታየዋል፤ አቅጣጫ ያለው ጭረት ግን የዕቃውን ዙሪያ ይናገራል።

ለአንድ ሥራ ሦስት ሰዓት ቢሰጥሽ፣ የመጀመሪያውን አርባ ደቂቃ ለልክና ለአቀማመጥ ብቻ አውይው። ጎረቤትሽ ጥላ ጀምሮ ስታዪው ልብሽ ይደነግጣል፤ አትከተዪው። በየሃያ ደቂቃው ተነሥተሽ ከሦስት አራት እርምጃ ርቀት ሥራሽን ተመልከቺ።

የዕለት ልምምድ፦ አንድ ረጅም ሥራ፣ እና ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው ላይ ከአንድ እስከ አምስት ደቂቃ የሚፈጁ አሥር ፈጣን ንድፎች። ከፎቶ አትገልብጪ። ፎቶ ልኩን ቀድሞ ወስኖልሻል፣ ፈተናው ደግሞ የሚያየው ያንን ራስሽ መወሰን መቻልሽን ነው። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ አጠቃላይ የመግቢያ ፈተና ስላለው ከተግባሩ ጎን ለጎን ለእሱም ተዘጋጂ፤ የየዓመቱን ማስታወቂያ ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ብቻ ውሰጂ።

ነጭ ሸራ

ሥዕል ክፍልን የሚከላከል ሰው ስለጠፋ ትንሽ ልበል። ሥዕል ክፍል ስትገቢ ከቀለሙ በፊት ሸራ ማዘጋጀት ትማሪያለሽ፣ ብዙው ሥዕል የሚበላሸውም እዚያ ነው። የፍሬሙ የውስጥ ጠርዝ ወደ ኋላ የተላገ ይሁን። ካልተላገ ሸራው እንጨቱ ላይ ያርፍና ከጊዜ በኋላ በሥዕሉ ዙሪያ የፍሬሙ መስመር ይወጣል። ሸራውን ስትወጥሪ ከእያንዳንዱ ጎን መሐል ጀምሪ፣ ትይዩውን መሐል፣ ከዚያ ሁለቱን ሌሎች፣ ከዚያ ወደ ማዕዘን። ከማዕዘን የጀመረ ሰው መሐሉ የተጨማደደ ሸራ ያገኛል። መጀመሪያ ስስ ሙጫ ይቀባል፤ የዘይት ቀለም ጨርቁን በቀጥታ ከነካው ዘይቱ ክሩን እያደረቀ ይበላዋል። በላዩ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ነጭ መሠረት፣ እያንዳንዱ ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ መላግ። ሥዕሉ ላይ ደግሞ ከታች በተርፐንታይን የቀጠነ፣ ከላይ ዘይት የበዛበት። ተገላብጦ ከተሠራ ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ታቹ በኋላ ሲንቀሳቀስ ይሰነጥቀዋል። አክሪሊክ (በውኃ የሚቀጥን ቀለም) በዘይት ቀለም ላይም አይቀባም፣ ይላጣል።

ጀሶና ፌሮ

ቅርጻ ቅርጽ ቀረ። የሰው ጭንቅላት በጭቃ ስትሠሪ ጭቃው ራሱን አይሸከምም። ወፍራም ጣውላ ላይ ፌሮ ወይም ቧንቧ ይተከላል፣ ከላዩ በሽቦ የታሰሩ ትንንሽ የመስቀል ቅርጽ እንጨቶች ይንጠለጠላሉ። ጭቃው እነሱን ጨብጦ ይቆማል። እነዚህ ከሌሉ ጭቃው በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይወርዳል፣ አፍንጫው ጠዋት አገጩ ላይ ይገኛል። ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅና በፕላስቲክ ይሸፈናል።

ሲያልቅ በጀሶ ቅርጽ ማውጫ ይሠራለታል። ጀሶ ሲበጠበጥ ዱቄቱ ነው ወደ ውኃው የሚጨመረው፣ በእጅ እየተነሰነሰ፣ ውኃው ላይ ደሴት ሠርቶ መስጠም እስኪያቆም። ከዚያ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳትነኪው ተዪው፣ ቀጥሎ እጅሽን ከታች አድርገሽ አረፋ ሳታስገቢ አማስዪ። ውኃን ዱቄት ላይ ካፈሰስሽ ይጓጉላል። የመጀመሪያው ሽፋን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ጥቂት ቀለም የገባበት ይሁን፤ በላዩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ነጭ ጀሶ። ባለቀለሙ ሽፋን ጥቅሙ በኋላ ማውጫውን በመሮ ስትሰብሪ ነው፦ ቀለም ስታዪ ሥራው ቀርቧል ማለት ነው፣ መዶሻውን ታቀዪዋለሽ። ጭቃው ከወጣ በኋላ ሥራው የሚሆነውን ጀሶ ማውጫው ውስጥ ከማፍሰስሽ በፊት የማውጫውን ውስጥ በሳሙና ደጋግመሽ ቀቢ፣ ካልተቀባ ሁለቱ አንድ ድንጋይ ሆነው ይቀራሉ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ጀሶ ሲጠነክር ስለሚሞቅ እጅን በውስጡ ነክሮ ማቆየት በጣም ያቃጥላል፣ «የእጄን ቅርጽ ላውጣ» ብለሽ በጭራሽ አትሞክሪ። የተረፈውንም ሲንክ ውስጥ አትድፊ፣ ቧንቧው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ባልዲው ውስጥ ይጠንክር፣ ከዚያ ባልዲውን ጠምዘዝ ስታደርጊው ተላቅቆ ይወጣል። ከሱቅ ስትገዢ ከረጢቱ ውስጥ እጅሽን ክተቺ፤ ዱቄቱ ጓል ጓል ካለው እርጥበት ጠጥቷል ማለት ነው፣ አይጠነክርም፣ ሌላ ከረጢት ጠይቂ።